«አንተ» የምትላቸው የልጅ ልጅ

ሰሞኑን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ለቃለ መጠይቅ ሄድኩላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማጠናው ሽማግሌና ወጣት እንዴት እንደሚቀራረቡ ነው። መቅረጫዬን ገና ከመክፈቴ የልጅ ልጃቸው ከኪችን ብቅ አለችና «አንተ! ክኒንህን ዛሬም ደበቅከው አይደል?» ብላ አምባረቀችባቸው። እኔ ክው አልኩ። አያቷን እኮ ነው! እሳቸው እቴ፣ እየሳቁ ክኒኑን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ዋጡት።

«አንተ ስትልዎት ቅር አይልዎትም?» አልኳቸው።

«እኔው ነኝ ያስለመድኳት። እርስዎ እያለች እንዴት አድርጋ ትቆጣኛለች? በድሮው ሰፈር እርስዎ የሚለኝ ሞልቶ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ግን አንዱም የት ደረሱ አላለኝም።»

ይህንኑ ጽፌ ለጥናቱ ኃላፊ ሰጠሁ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄማ ግልጽ የመከባበር መጥፋት ነው። እንደዚያ ብለሽ አስተካክለሽ ጻፊው።»

«አላስተካክልም።»

«ምን አልሽ?»

«አላስተካክልም። ሰውየው ያሉኝ ሌላ ነው።»

«አያት የሚያህል ሰው አንተ እየተባለ ምን ዓይነት መቀራረብ ነው የምታወሪው?»

ይሄኔ ደሜ ፈላ። «ዶክተር፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ እርስዎን አንተ የሚልዎት የለም። ባለፈው ወር ታመው ሲተኙ፣ እርስዎ ከምንልዎት ሁሉ ክኒንዎን ዋጡ ወይ ብሎ የጠየቀዎት ማን ነበር?» አልኳቸው።