በወንፈል የማይመለስ ቀን

ሰው ከገበያ ይዞት የሚመለሰው ዕቃ አፍ ባይኖረውም የባለቤቱን ሐሳብ ያወጣል። አያ ካሣሁን ይህን ቢያስቡ ኖሮ ያን አዲስ ዲጅኖ በአህያቸው ጀርባ ላይ እንዲያ በግላጭ አያስሩትም ነበር።

ከአርብ ገበያ ሲመለሱ፣ ዳገቱን እንደ ጨረሱ፣ የጎረቤታቸው የአላምረው ልጅ ትዝታ ከኋላ ደረሰችባቸው። ትዝታ ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ዕረፍት ወጥታ ትናንት ማታ አባቷ ቤት ገብታለች፤ ዛሬ እሷም ከገበያው መመለሷ ነው።

“እንዴት ዋሉ፣ አያ ካሣሁን?”

“እግዜር ይመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ ልጄ? ከሳ ብለሻል።”

“ደህና ነኝ። የሰኞው ወንፈል የእርስዎ ተራ ነው አሉ። ለገብስ አጨዳ ዲጅኖ ምን ያደርጋል?”

አያ ካሣሁን አህያዋን ቸብ አደረጉ። ለዋዛ ካልሆነ በቀር መዋሸት አይሆንላቸውም።

“ገብሱ ይቆያል። ሰኞ የምንወርደው ወደ ገደሉ ነው። ያ ኦፓል የሚሉት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ከማሳዬ ግርጌ ተገኝቷል። ጥቂት ክንድ ገባሁበትና ብቻዬን አቃተኝ። ወንድምሽ አብርሃምም በአባትሽ ፈንታ ይመጣል።”

“አብርሃም ለገብሱ መስሎት ማጭድ ሲስል ነው ትቼው የወጣሁት።”

“ሲመጡ እነግራቸዋለሁ። ወንፈል ወንፈል ነው፤ ተራቸው ሲደርስ ደግሞ እኔ ቀናቸውን እመልሳለሁ። እምቢ የሚል የለም።”

እውነታቸውን ነው፤ በዚያ አገር ወንፈል ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነበር፤ እምቢ ለማለት የሚያፍርን ሰው ወደ ጉድጓድ መጥራት።

“ከማዶው ቆላ እንዲህ ሲቆፍሩ የተናደባቸውን ሁለት ወጣቶች እኛ ጋ አምጥተዋቸው ነበር” አለች ትዝታ። “አንደኛው ሳይደርስ መንገድ ላይ አለፈ። ሁለተኛው ዛሬም እግሩ አይታዘዘውም።”

“ሞት የትም አለ ልጄ። መሬቱ ደክሟል፤ ገብሴ እስከ ሰኔ አያደርሰኝም። እግዜር ከደጄ ያኖረልኝን ልተወው ትያለሽ?”

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የጎደለበትን ሰው በተግሣጽ ብቻ የሚመልስ መካሪ አፉን ቢዘጋ ይሻለዋል። ትዝታም ይህን ታውቃለችና በጥያቄ መለሰች።

“ድንጋዩን ማን ይወስድልዎታል?”

“ነጋዴው ጌዲዮን። ወንዙ መሻገሪያ ላይ ያሉት ታጣቂዎች ድርሻቸውን ተቀብለው ያሳልፉታል። ከዚያ ወዲያ የእኔ ጉዳይ አይደለም።”

“በድርሻቸው ምን የሚገዙ ይመስልዎታል?”

አያ ካሣሁን የአህያዋን ጭነት ጠበቅ አደረጉ።

“የወይዘሮ ወለተ ማርያምን ልጅ፣ ፍሬውን፣ ከገበያ ሲመለስ መትቶ የገደለው ጥይት በአንድ ሰው ድካም የተገዛ ነው። ያን ሰው አናውቀውም። ምናልባት እሱም እንደ እርስዎ የጎደለበት ደግ ገበሬ ይሆናል።”

የፍሬውን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ አያ ካሣሁን ነበሩ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤

“ቢሆንም ወንፈሉን ጠርቻለሁ፤ ቀናቸውን እመልሳለሁ” አሉ።

“የአጨዳ ቀን በአጨዳ ይመለሳል። ጉድጓዱ ቢናድና አብርሃም ባይወጣ ግን፣ አያ ካሣሁን፣ ለአባቴ የትኛውን ቀን ይመልሱለታል?”

ሽማግሌው አህያዋን አቆሙ። በሕይወታቸው የሰው ቀን በልተው አያውቁም፤ አንድ ዓመት ታመው እንኳ ልጃቸውን ልከው መልሰዋል። አሁን ቢያስቡ፣ ቢያስቡ፣ ለአላምረው የሚመልሱት ቀን አጡ።

“አፈርሁ ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “ከልቤ አፈርሁ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፤ ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ያደርጋል። ግን ሰኔን በምን ልሻገር? ይህን ዲጅኖስ ምን ላድርገው?”

“ከቤትዎ በላይ ያለው ምንጭ በከንቱ ወደ ገደል ይፈሳል። ገብሱ ከተነሣ በኋላ በዚሁ ዲጅኖ በወንፈል ቦይ እናውጣለት። በበጋው ድንችና ሽንኩርት ይተክላሉ፤ ከጓሮዎ በልተው የተረፈውን ገበያ ያወጣሉ። ሰው አይናድበትም፤ ጥይትም አይገዛበትም። ውኃው ለአባቴም ማሳ ይተርፋል።”

“ሽንኩርትም ቢሆን ቀማኛ አያጣም” አሉ አያ ካሣሁን፣ ፈገግ ብለው። አህያዋም መንገዷን ቀጠለች።

በማግስቱ ወንፈል በጠሯቸው ሰዎች ቤት እየዞሩ፣ ለጉድጓድ ሊወስዷቸው አስበው እንደ ነበር ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ይቅርታም ጠየቁ። ጌዲዮንንም ሌላ ፈልግ ሳይሆን፣ ተው ይቅርብህ አሉት። ጉድጓዱን ከብት እንዳይገባበት በድንጋይ ደፈኑት።

ሰኞ ገብሱ ታጨደ። ሲመሽ አያ ካሣሁን ከደጃቸው ቆመው ሰዉን እየመረቁ ሸኙ። የመጨረሻው አብርሃም ነበር፤ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲያልፍ ክንዱን ያዙት።

“ቀንህን እመልሳለሁ” አሉት።

“ምን ያስቸኩላል” አለ አብርሃም፤ “የት እሄድብዎታለሁ።”