አበባ ካለበት የማይታጡት ወይዘሮ ፀሐይነሽ

ከደሴ ከየሰፈሩ፣ ከኮምቦልቻም የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ቅጥር የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት የእናታችንን የወይዘሮ ፀሐይነሽ ይመርን የኑሮ መንገድ አንድ ጊዜ እንድትሰሙልን ከአክብሮት ጋር እንለምናለን።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከአባታቸው ከአቶ ይመር ገብሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት አሰን በደሴ ዙሪያ በ1951 ዓ.ም. በመስከረም ወር ተወለዱ። አባታቸው ለከተማው ገበያ ጎመን፣ ድንችና ካሮት የሚያለሙ ገበሬ ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ከመደቡ ዳር ዳር ጽጌረዳ መትከል የሚወዱ ሴት ስለነበሩ፣ አባታቸው መደቡን ውኃ ባጠጡ ቁጥር «አበባ ወጥ ውስጥ አይገባ፣ ምን ያደርግልሻል?» ሲሉ፣ እናታቸው «ወጡማ ተበልቶ ያልቃል» እያሉ ይመልሱላቸው እንደነበር ወይዘሮ ፀሐይነሽ እየሳቁ ይነግሩን ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ አራተኛ ክፍል እንደተማሩ የስድሳ ስድስቱ ድርቅ መጣ። በዚያ ክፉ ዘመን አባታቸው እህል ፍለጋ ወደ ቆላው ወርደው ሲቀሩ፣ እናታቸውና ሁለት ታናናሾቻቸው ተከታትለው ስለሞቱ፣ ብቻቸውን የቀሩትን ልጅ ደሴ ይኖሩ የነበሩ አክስታቸው መጥተው ቤቱን ዘግተው ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ ስለ አባታቸው የሰማ ሰው አልተገኘም። ይሁንና ወይዘሮ ፀሐይነሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያብሰለስሉት የኖሩት የአባታቸውን መሞት ሳይሆን፣ «ተመልሶ መጥቶ፣ የተዘጋ ቤት አግኝቶ፣ የት ብሎ ይፈልገኝ?» የሚለውን ነበር። ይህን ነገር አስቀድመን የምንነግራችሁ፣ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ስለሆነ ነው።

ደሴ በገቡ ሰሞን በፒያሳ አጠገብ ባለችው የሕዝብ መናፈሻ በር ሲያልፉ፣ አትክልተኛው በጎማ ቱቦ አበባ ሲያጠጣ አይተው፣ አገር በጥምና በረሃብ እያለቀ ለማይበላ ነገር ውኃ ይፈሳል ብለው በንዴት ድንጋይ አንሥተው ነበር። ነገር ግን ጠጋ ሲሉ ጽጌረዳዎቹ እናታቸው ይተክሏቸው የነበሩትን ዓይነት ሆነው ስላገኟቸው፣ ድንጋዩን መሬት አኑረው ከአበባዎቹ አጠገብ ተቀመጡ፤ እስኪመሽም አልተነሡም። በከተማው ውስጥ «ምን ፈልገሽ መጣሽ?» ብሎ የማይጠይቃቸው ቦታ እሱ ብቻ ሆነ።

ከፍ ሲሉ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመፍተያ ክፍል ተቀጥረው ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ጠዋት ከደሴ የሚወርዱበት ሚኒባስ ሾፌር አቶ ቀለሙ ወንድማገኝ ይባሉ ነበር። አቶ ቀለሙ፣ ይቺ ልጅ ከሥራ መልስ ደሴ ስትገባ ቤቷ ሳትደርስ ሁልጊዜ መናፈሻው በር ላይ እንደምትወርድ አስተውለው፣ እሷ አፏን ሳትከፍት «አበባው ጋ ወራጅ አለ!» ብለው መኪናቸውን ያቆሙ ጀመር። ተሳፋሪው ሲስቅ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ስበው ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን ግን አቶ ቀለሙ መኪናቸውን አቁመው እሳቸውም አብረው ስለ ወረዱ፣ ተሳፋሪዎቹ ሾፌራቸውን እየጠበቁ መኪና ውስጥ ሲያጉረመርሙ ቆዩ። በ1980 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወይዘሮ ስንዱንና ምንተስኖትን አፈሩ።

የእነዚህ ባልና ሚስት ቤት አንድ ልማድ ነበረው። ክረምቱ ወጥቶ አደዩ ሲፈነዳ፣ የደሴ መናፈሻ ጽጌረዳውን ሲያወጣ፣ የዕረፍት ቀናቸውን እዚያ ያሳልፋሉ፤ ውርጭ ወርዶ ደጋውን ሲያጠቁረው ደግሞ ቤተሰቡ ተጭኖ ሐረጎን ይወርድና በቦርከና ወንዝ ዳር ባለው የኮምቦልቻ መናፈሻ ጃካራንዳው ሐምራዊ እስኪሆን፣ ከዚያም የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ቀይ አበባውን እስኪለብስ ድረስ እየተመላለሰ ይቀመጣል። ምንተስኖት በልጅነቱ፣ ውርጭ ያደረቀውን ጽጌረዳ አይቶ ሲያለቅስ እናቱ «አልሞተም እኮ፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ነው» ስላሉት፣ አበባ በአባቱ መኪና የሚሄድ መስሎት «አባዬ፣ አበባው ስንተኛው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው?» ብሎ ጠይቆ፣ ከዚያ ወዲህ ጥያቄው የቤቱ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

አቶ ቀለሙ በ2009 ዓ.ም. በሕመም አረፉ። ወይዘሮ ፀሐይነሽም በጡረታ ተገልለው፣ በጥጥ ብናኝ የተጎዳ ሳንባቸውን እያስታመሙ፣ ጋራዥ ከሚሠራው ልጃቸው ከምንተስኖት ጋር ይኖሩ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በጽጌ ጾም ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቀርብ፣ ቤተሰቡ ከሕዝቡ ጋር በእግሩ ሐረጎን ሲወርድ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈትሂያ ሰይድ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናታቸውን ይዘው መውጣት አቅቷቸው እንደቀሩ መንገድ ላይ ተሰማ። ምንተስኖት ይህን ሲሰማ ወደ ደሴ ሊመለስ ተነሣ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የጃኬቱን እጅጌ ይዘው ቆዩ። ሂድ ቢሉት ልጅ ነው፤ ቅር ቢሉት ደግሞ ፈትሂያን በምን ዓይናቸው ያያሉ? በመጨረሻ እጅጌውን ለቀው «ብንጠፋፋ እንኳ አበባ ካለበት አታጣኝም» አሉት። እሱም እየሳቀ «ስንተኛው ወንበር ላይ?» ብሎ ዳገቱን ወጣ።

ምንተስኖት ሁለቱን ሴቶች ከቤት አውጥቶ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ካሳፈረ በኋላ ለራሱ ቦታ አግኝቶ ነበር። ነገር ግን የወይዘሮ ፈትሂያ እናት መቀመጥ ስላልቻሉ ጋደም እንዲሉበት ቦታውን ለቆ ወረደ። «በእግሬ እደርስባችኋለሁ፤ ጽጌው ሳይወጣ አገኝሻለሁ ብሎሻል በያት እማዬን» ያለውን ወይዘሮ ፈትሂያ ይዘውት መጡ። ጽጌው ወጣ፤ ምንተስኖት አልመጣም።

ሕዝቡ ወደ ቀዬው ሲመለስ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቤታቸው በር ላይ እንኳ ሳይደርሱ መናፈሻውን ሄደው አዩ። የሚያጠጣው ሰው ስላልነበረ፣ ውርጩም ስለወረደበት፣ ከግንዱ በቀር የቀረ አልነበረም። በማግሥቱ ኮምቦልቻ ወርደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አበባው ወደሄደበት ይሄዱ ነበር። ብዙዎቻችሁ «አበባ የሚወዱት እናት» ብላችሁ የምታውቋቸው በዚህ ነው። ውሸት አልነበረም፤ አበባ ይወዱ ነበር። ፊታቸው ግን ወደ አበባው ዞሮ አያውቅም፤ ወደ በሩ ነበር።

በተከታዩ ዓመት አንድ ከስደት የተመለሰ ሰው ስለ ምንተስኖት ክፉ ወሬ ሰምቻለሁ አለ። በዓይኑ አላየም፤ የቀበረም የለም። ወይዘሮ ስንዱ የእናታቸው መንከራተት አንጀታቸውን ስለበላው፣ ቁርጡን አውቀው አልቅሰው ይውጣላቸው ብለው፣ በዕድሩ ሰብሳቢ በአቶ እንየው መሪነት ሽማግሌዎቹን በማለዳ ለመርዶ ጠሩ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ በራቸውን ከፍተው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አረጋውያንን ሲያዩ፣ ግቡም ሳይሉ ከዘራቸውን አንሥተው «ዛሬ የኮምቦልቻው ጃካራንዳ የሚፈነዳበት ነው፤ የምትሉኝ ካለ እዚያው ትሉኛላችሁ» ብለው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ምን ያድርጉ፣ ተከትለዋቸው በአንድ ሚኒባስ ሐረጎን ወረዱ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሁሉንም በአግዳሚው ላይ በተርታ አስቀመጧቸው። ሐምራዊው አበባ በነጠላቸው ላይ ይረግፍ ነበር። የመናፈሻው ጥበቃ ጣሀ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ተደርድረው ቢያይ ለሽምግልና የመጡ መስሎት «ማሻ አላህ እማማ! ልጅ ሊድሩ ነው?» ብሎ እንኳን ደስ አለዎት አላቸው። እሳቸውም «አዎ ልጄ፣ ሙሽራው ዘገየብን እንጂ» ብለው መለሱለት። በዚህ ጊዜ አቶ እንየው ተነሥተው «መርዶ በቤት ነው፣ ደጋፊ ዘመድ ባለበት፤ እዚህ ደረት የሚመታበት ቦታ የለም» ብለው ሽማግሌዎቹን ይዘው ተመለሱ። መርዶው ሳይነገር ቀረ፤ ወይዘሮ ስንዱም ለወንድማቸው ሳያለቅሱ፣ ሳይተዉትም፣ ከእናታቸው ጋር ለወራት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የወይዘሮ ፀሐይነሽ ሳንባ እየደከመ ሄደ። ሐኪሞች የደሴ ብርድ አይስማማዎትም፣ መንገድም አይውጡ ብለው ቢከለክሏቸው፣ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «ዛሬ ማን አለ እዚያ?» እያሉ ሲጨነቁ፣ ወይዘሮ ፈትሂያ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው «ወላሂ እትዬ ፀሐይ፣ ልጅዎ ከወረደበት ቦታ ላይ ነው እናቴን ያስተኛሁት። እርስዎ እስኪነሡ አግዳሚው ባዶ አይውልም» አሏቸው። እንዳሉትም አደረጉ። እናታቸውን ከቀበሩ በኋላ ሥራቸውን እየተዉ፣ በረመዷን ጾመው፣ በውርጩ ጊዜ ኮምቦልቻ፣ በአደዩ ጊዜ ደሴ ተቀመጡ። ማታ ሲመለሱ ወይዘሮ ፀሐይነሽ «መጣ?» ብለው አይጠይቁም ነበር፤ «ምን አበበ?» ነበር የሚሉት። ወይዘሮ ፈትሂያም ያበበውን ሁሉ አንድ በአንድ ይነግሯቸው ነበር።

በዚህ ዓመት ጽጌ ሕመሙ ጠናባቸው። ንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ከቆረቡ በኋላ፣ ወይዘሮ ስንዱን ጠርተው እንዲህ ሲሉ አደራ ሰጡ፦ «የእኔ ነገር ሲነበብ ወንድምሽን ከሞቱት ጋር እንዳታስጠሪው። ሞቶም ከሆነ እኔ ቀድሜያችሁ አገኘዋለሁ። በእግሩ ቆሞ የሚሄድ ከሆነ ግን በእኔ ቀብር ላይ እናንተ አትቅበሩት። አፈሬ ላይም አደይ ዝሩበት፤ ለሌላ ብዬ አይደለም፣ ያልኩትን እንዳላፈርስ ነው።» ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ መስኮቱ እንዲከፈትላቸው ጠይቀው፣ ሳይጨነቁ አረፉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አቶ እንየው «የዛሬ ዓመት መርዶው ቢመጣ ሕዝቡ ምን ይለናል? ስሙን ዝም ብንለውስ?» ብለው ነበር። ስለሚያስቡልን ነው፤ አልተቀየምናቸውም። ወይዘሮ ስንዱ ግን «ያኔ መርዶውን ቤታችን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም የምመልሰው እኔ ነኝ። ይነበብ» ስላሉ፣ እንደሚከተለው ይነበባል።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ይመር፣ ልጃቸውን ምንተስኖት ቀለሙን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ስንዱ ቀለሙን፣ የልጅ ልጃቸውን ትህትናን፣ እንዲሁም ከሥጋ ዘመድ የማይለዩዋቸውን ወይዘሮ ፈትሂያ ሰይድን ከኋላቸው ትተዋል።

ምንተስኖትን በመንገድም ሆነ በገበያ የምታገኙ ወገኖች፣ እናቱ በዚህ ቅጥር ከአባቱ አጠገብ እንዳሉ ንገሩልን። ውርጩ ሰሞኑን ስለጀመረ፣ ከሣልስቱ በኋላ ወይዘሮ ፈትሂያ ኮምቦልቻ፣ በሩን በሚያየው አግዳሚ ላይ ናቸው።

ቸሩ አምላክ የእናታችንን ነፍስ ውርጭ በማይወርድበት ገነት፣ ማንም ማንንም በማይጠብቅበት ቦታ ያሳርፍልን። በዚያ የሚያገኙት ካለ ያገናኛቸው፤ በዚህ የቀረ ካለም መንገዱን ያሳየው። አሜን።