«ማራት» የሚል ሰው ጠፋ

በእኛ ጊዜ ሰው ተንበርክኮ «ማሩኝ» ሲል ቁጭ ብሎ የሚያይ አልነበረም፣ ስሙኝ እንጂ ልጆች፣ ቤዛ አንቺም ያንን ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ። የማታውቂው ሰው ይሁን፣ በመንገድ ስታልፊ ብታዪው እንኳ ቆም ብለሽ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረው» ትያለሽ፣ አለቀ። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። እና እዚህ አትላንታ መጥቼ ያን የሚያህል ሕዝብ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ሽቶውን ተቀብቶ፣ አንዲት ልጅ ተንበርክካ ስታለቅስ ዝም ብሎ ሲያይ አየሁ! ዝም ብሎ! ደግሞ ከፍሎ ገብቶ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቼን ታውቋቸዋላችሁ፣ ዮናስ ትልቁ ሊልበርን ነው ያለው፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር፣ ሜሮን ደግሞ ብሩክሄቨን፣ አፓርትማ ውስጥ ብቻዋን። እኔ ሜሮን ጋ ነበር የምኖረው። ታዲያ አንድ ቀን ዮናስ ሲመጣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አገኘኝ፣ እሷ ሥራ ነበረች፣ እና እዚያው ደወለላትና ምን አላት መሰላችሁ? «እናታችንን እንደ ድመት ቤት ዘግተሽባት ትሄጃለሽ» አላት። ለእህቱ! እሷም «እንግዲያው ውሰዳት፣ አንተ ከተሻልክ» አለችው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ፣ ሜሮን የወንድሟን ደጅ አልረገጠችም፣ ፋሲካን እንኳ ግማሹን እሱ ጋ፣ ግማሹን እሷ ጋ ነው የዋልኩት።

እና እንዴት ይቀባበሉኝ እንደነበር ስሙልኝ። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አንድ የግሮሰሪ ፓርኪንግ አለ፣ እዚያ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሮን ጋ ልውል ስሄድ ዮናስ መኪናውን ፓርክ ያደርጋል፣ እሷም ራቅ ብላ ፓርክ ታደርጋለች፣ ማንም ከመኪናው አይወርድም፣ እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከአንዱ መኪና ወደ አንዱ በእግሬ! የተፋቱ ሰዎች ልጅ እንደሚቀባበሉት! በዚህ ዕድሜዬ! አንድ ቀን ዝናብ ጣለ፣ እና አንዲት የማላውቃት የሜክሲኮ ሴትዮ ጃንጥላ ዘርግታ አሻገረችኝ፣ የወለድኳቸው በመስታወት ያያሉ። እግዜር ያሳያችሁ! ላስታርቅ ብዬ ያልሞከርኩት የለም። የነፍስ አባታችንን ላክሁባቸው፣ «እሺ አባ፣ እሺ አባ» ይላሉ፣ በሳምንቱ ያው ፓርኪንግ።

ታዲያ የእናቶች ቀን መጣ። ሜሮን ደወለችና «እማዬ፣ ላይክ፣ ኦፔራ ልወስድሽ ነው። የጣልያን፣ ክላሲክ። ቲያትር ቤቱ ራሱ ሂስቶሪክ ነው፣ ትወጅዋለሽ» አለችኝ።

«ወንድምሽ ካልመጣ አልሄድም።»

«እማዬ፣ ፕሊስ!»

«አልሄድም ብያለሁ።»

ለሱም እንደዚሁ፣ «እህትህ ካልመጣች አልሄድም» አልኩት። የእናቶች ቀን ነዋ፣ ምን ያመጣሉ! በየመኪናቸው መጡ። አልተሳሳሙም። እኔ መሐላቸው ገባሁና ተቀመጥኩ፣ እንደ ድንበር።

ቤቱን ግን እውነት እንነጋገር ከተባለ ቤት ነው። ጥንት የተሠራ፣ ጣሪያው በወርቅ ቀለም የተንቆጠቆጠ፣ ወንበሩ ቀይ ከፋይ፣ ግድግዳው ላይ መላእክት ተቀርጸዋል፣ ልብስ የላቸውም፣ እሱን እንተወው። እኔም የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ያለፈው ሁሉ «ቢዩቲፉል፣ ቢዩቲፉል» እያለኝ ነው የገባሁት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ደግሞ ጣልያንኛው ይገባኛል ብዬ ነበር እኮ! ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መካኒክ ነበር፣ ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ሲል ነው ዕድሜውን የጨረሰው፣ እና ከዚህ ሁሉ ሰው ጣልያንኛ የማውቅ እኔ ነኝ ብዬ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ሰዓት ሲዘፍኑ ስለ ካምቢዮ ትንፍሽ አላሉም! ትርጉሙ ከመድረኩ በላይ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ እኔ አልደርስበትም፣ ታዲያ ሜሮን በግራ ጆሮዬ፣ ዮናስ በቀኝ ጆሮዬ። ሜሮን «የምትወደውን ልጅ አግብታ ነው፣ ፋዘሯ ሱፐር ማድ ነው» ትላለች። ዮናስ «አባቷን ጥላ ሄዳ ነው» ይላል። አያችሁልኝ? አንድ ጽሑፍ እያነበቡ!

እና ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ጫማ የላትም፣ አባቷ እግር ሥር ወደቀች። ዘፈነች፣ ዘፈነች፣ ቃሉ ባይገባኝ ልቅሶው ይገባኛል፣ ልቅሶ አስተርጓሚ አይፈልግም። አባትየው ጀርባውን ሰጣት። እሺ፣ አባት ነው፣ ይቆጣ። ግን ጎረቤቱ! መድረኩን የሞላ ጎረቤት አለ እኮ፣ ሸበቶ አለ፣ ከዘራ የያዘ አለ፣ ባልቴት አለ፣ ከበዋታል፣ እና ምን ያደርጋሉ? ይዘፍናሉ! እሷ ትለምናለች፣ እነሱ በዜማ ይቀበሏታል! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «በቃህ፣ ልጅህ ናት፣ ማራት» የሚል ጠፋ!

«ምንድነው የሚሉት እነዚህ?» አልኩት ዮናስን።

«በጣም ታሳዝናለች እያሉ ነው።»

«ካሳዘነቻቸው ለምን አይለምኑላትም?»

«ሽሽ፣ እማዬ!»

ወደ ሜሮን ዞርኩ። «እነሱ ኮረስ ናቸው እማዬ፣ አጃቢ ዘፋኞች፣ ሥራቸው ነው» አለችኝ። ማዘን ሥራቸው ነው! ከንፈር መምጠጥ ሥራ ሆነ!

ታዲያ ደሜ ፈላ። ነጠላዬን አስተካከልኩና ብድግ አልኩ። «ስለ እመብርሃን ብለህ ማራት! ልጅህ አይደለችም ወይ? ስለ ጊዮርጊስ!» ድምፄን ታውቁታላችሁ፣ የእልልታ ድምፅ ነው፣ ወርቁ ጣሪያ ድረስ ደረሰ። አባት የሆነው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ፣ እውነቴን ነው፣ ዞሯል! ትንሽ ቢተዉኝ ይምራት ነበር። ምን ያደርጋል፣ ከኋላ «ሽሽሽ!» ከፊት «ሽሽሽ!» እሷ ስታለቅስ ዝም ያለ ሕዝብ እኔን ሲያይ አፍ አወጣ! አንድ ባትሪ የያዘ ረጅም ሰውዬ መጣና «ማም፣ ማም» አለኝ፣ በትሕትና ነው፣ እሱንስ አልቀየመውም። «እኔን ሳይሆን ያንን ጨካኝ አስወጣው!» አልኩት። ማን ተርጉሞለት! ልጆቼ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው አስወጡኝ።

ውጪ፣ እምነበረዱ ሳሎን ላይ፣ በሩ ተዘጋብን። ልጅቷ ውስጥ ገና ትለምናለች፣ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ኤምባራስ አደረግሽን! ሰው ሁሉ እኮ ዞሮ አየን!» አለች ሜሮን።

«ትያትር ነው እኮ እማዬ፣ ውሸት ነው! ሴትዮዋ ደሞዝ ይከፈላታል!» አለ ዮናስ።

«ኤግዛክትሊ!» አለችው።

ለወንድሟ! ያን ሁሉ ጊዜ ዘግታው ኖራ የመጀመሪያ ቃሏ «ኤግዛክትሊ» ሆነ፣ እሱም በእኔ ላይ! እሱ ደግሞ «ቆይ ሜሪ፣ እኔ ላስረዳት» አላት። ሜሪ! ስለ እኔ ተጣልተው፣ እኔን ለመክሰስ አንድ አፍ ሆኑ!

«እሺ» አልኳቸው፣ «እዚያ ውስጥ ያለው ውሸት ነው። እናንተስ? እናንተም ደሞዝ ይከፈላችኋል? ፓርኪንግ ላይ እንደ ዕቃ ስትቀባበሉኝ ውሸት ነው? ለማላውቃት ልጅ እኔ ጮህኩላት፣ ለእኔ ማን ይጩህልኝ? በቃ፣ እኔው ልንበርከክ!» ብዬ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ዝቅ አልኩ። ይህ ጉልበቴ ስግደት ካቆመ ስንት ጊዜው፣ ግን ዝቅ አልኩ።

«እማዬ! በፈጠረሽ!» ሁለቱም ጮኹ፣ ሁለቱም ተወርውረው ያዙኝ። እናት ለወለደችው ስትንበረከክ ማየት እርግማን ነው፣ እዚህ ያደገችው ሜሮን እንኳ ይህን ታውቃለች፣ ያስተማራት ሳይኖር። እንደያዘችኝ አለቀሰች። «እንደ ድመት ዘግተሽባት አለኝ እኮ፣ እማዬ። እኔ ኤቭሪ ሲንግል ዴይ ከሥራ ስወጣ እየሮጥኩ ነበር የምመጣልሽ።»

ዮናስ መሬት መሬት አየ፣ አየና «ተናድጄ ነው፣ ሜሪ። ይቅርታ» አላት።

«ኦኬ» አለችው።

«ኦኬ አይባልም!» አልኩ፣ ወገቤ ገና ጎብጦ። «‹ይቅር ለእግዚአብሔር› በይ!»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፣ እና ባለባትሪው ሰውዬ ምን እንደሆንን ግራ ገብቶት ውኃ አመጣልን። ሁለት መኪና አልገባም ብዬ በአንዱ ሄድን፣ ሜሮንም የወንድሟ ቤት ሊልበርን ገብታ እራቷን በላች።

ታዲያ ታረቁና አሁን ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔን ያስመስላሉ! እሷ ነጠላ ጣል አድርጋ እኔን ትሆናለች፣ እሱ በስልኩ መብራት ባለባትሪውን ይሆናል፣ «ማም፣ ማም» ይለኛል፣ የልጅ ልጆቼ መሬት ላይ እስኪንከባለሉ ይስቃሉ። ለሥራዬ አመስግኖኝ የሚያውቅ የለም! አትሳቁ እናንተም!

ምን አልሽ ቤዛ? መጨረሻ ላይ አባትየው ማራት ወይ ነው የምትይኝ? ምኑን አውቄ፣ አስወጡኝ እኮ! ልጆቼንም ብጠይቅ አብረውኝ ነው የወጡት፣ አያውቁም። ስልክሽ ላይ አትፈልጊ! አስቀምጪው ብዬሻለሁ። አልማራትም ካልሽኝ ተመልሼ ነው የምሄደው።