እግሩን ያላመነ አባት

ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ከኬንያዋ ቡቲዬ ወደ ሞያሌ ከተማ እንደተነሳ፣ ከፊቴ ያለው ጎልማሳ አጠገቡ የተቀመጠችውን የማያውቃትን ነጋዴ ለመናት።

«እትዬ፣ ድንበሩን ሲሻገሩ የልጄን መድኃኒት ይግዙልኝ። እዚህ አጣሁት።»

«አንተ እግር የለህም?»

«እግሬማ ነው ያስቸገረኝ። ከኬላው ማዶ ቤቲንግ ቤት አለ።»

«ስልክህ መች አነሰህ!»

«የስልኩን ውርርድ ራሴ አመልክቼ አዘጋሁት። ማዶ ግን የሚከለክለኝ የለም።»

«ሰው አማክረሃል?»

«ጤና ጣቢያ አንዲት አማካሪ አለች። ‹ገንዘብ ይዘህ ብቻህን አትሻገር› ያለችኝ እሷ ናት።»

«ሚስትህስ?»

«የታመመችውን ልጅ ታቅፋለች። ዛሬም ባዶ እጄን ከተመለስኩ ልጅቷን ይዛ ኡራን መንደር እናቷ ጋ ትገባለች።»

«እኔስ ይዤው ብጠፋ?»

«እርስዎ ቢወስዱት ተሰረቅሁ እላለሁ። እኔ ከበላሁት ምን እላለሁ?»

«ወይ ጉድ! በል አምጣ። ኬላው ጋ ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ። ተከትለኸኝ ብትሻገር በዚህ ጃንጥላ ነው የምልህ!»

«እሺ እትዬ። ብቻ ቶሎ ይመለሱ።»

ገንዘቡን በሻሿ ጫፍ ስትቋጥር አየሁና ኪሴ ውስጥ ያለውን የራሴን ጨበጥኩት።