ጥርት ያለ ራጅ

ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ ሠርክዬ፣ ነፋሱ አያገኝሽም። ከኪሊማኒ እስከ ሁርሊንግሃም ይሄ ሁሉ የመኪና ጃም! ዝናቡ ደግሞ... በማታቱ ታክሲ ነው የመጣሽው? በይ ብዪ፣ ጥብሱ ሳይበርድ። ለኔ አታስቢ፣ ሾርባዬን ይዣለሁ። ማኘክ ትቻለሁ እኮ። የምርቃት ድግስ ተጠርቶ ሾርባ መጠጣት... አዲስ ሥልጣኔ ነው።

አየሻት ግን፣ ከኋላችን ያለችውን? ዞረሽ አትይ! የምርቃት ጋዋኑ እንዴት አምሮባታል! ዶክተር... አፍ ሲሞላ! የኔን አፍ እንኳ በደንብ አድርጋ ነው የሞላችው። ጮክ አልኩ እንዴ? መንጋጋዬ ካበጠ ወዲህ ድምፄን መመጠን አቅቶኛል።

አምና፣ የጥርስ ራጅ ማንሳት ሲማሩ፣ ተማሪው ሁሉ በሽተኛውን ራሱ ፈልጎ ያምጣ ተባለ። እሷ ማንን ታምጣ? በጣት ጫፍ ሰላም የምትለኝ ልጅ፣ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች። "አክስቴ፣ ፕሊስ!" አክስቷ መሆኔን ያን ቀን አወቅሁ። ትሕትናዋ! ደግፋ ደረጃውን አወረደችኝ፣ ኡበር ጠራችልኝ፣ በሩን ከፈተችልኝ... እናቷን እንዲህ አድርጋ ታውቃለች? እኔ እንጃ፣ ምን ቤቴ።

ያንን ከባድ የጨረር መከላከያ አልብሳ፣ የራጁን ፕላስቲክ አፌ ውስጥ፣ መንጋጋዬ ሥር ሸጎጠችብኝ። አነሳች፣ ተጣመመ። ደገመች፣ የጥርሱ ሥር ተቆረጠ። ሠለሰች። ትውከቴ እየመጣ፣ እንባዬ እየወረደ፣ "ፖሌ አክስቴ፣ ይቅርታ" ትለኛለች። አንጀቴን በላችው! በመጨረሻ ጥርት ብሎ ወጣላት። አስተማሪዋ መጥቶ ጠርዙን አየ፣ አለመጣመሙን አየ፣ አወደሳት። "ምን አለ ታዲያ ራጁ?" ብላት፣ "ሳዋ ነው አክስቴ፣ ሁሉም ደህና!" አለችኝ ስልኳን እየነካካች። ወዲያው በስታተሷ ለጠፈችው፤ ሰዉም ልብ በልብ አደረጋት። እኔ ሞኟ ደግሞ ስልኬ ላይ አስቀምጬ፣ ለሱቄ ደንበኛ ሁሉ "የልጃችን ሥራ" እያልኩ አሳየሁላት።

ከዚያ መንጋጋዬን ያመኝ ጀመር። ደወልኩላት፣ ፈተና ላይ ነበረች። ደግሜ ደወልኩ... አሁንም ፈተና። ጎበዝ ተማሪ እንዲህ ነው፣ አይደል? ሥራ ፈቷ እኔ ነኝ እንጂ።

ባለፈው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ያንኑ ራጅ ከስልኬ አሳየሁት። ከጥርሴ ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ሽንብራ ብታክል ነው። "ይህን ያየ ሰው አልነበረም?" አለኝ። ኧረ ያላየው የለም! አልኩት። ያኔ ቢሆን ጥርሱን ነቅሎ፣ ውስጡን ጠርጎ መሸኘት ነበር። አሁን ግን አጥንቴን በልቶታል፤ ሐሙስ መንጋጋዬን ከፍተው ሊቆርጡልኝ ነው። አልዋሽሽም ሠርክዬ፣ ፈርቻለሁ።

ግን እሷ ምን ታድርግ? አንሺ ተባለች፣ አነሳች። እዪ ማን አላት?

ኬኩ ሊቆረስ ነው መሰለኝ፣ ቢላዋ ይዛ ተነሳች። ምነው ኬኩን ትታ ወደኛ ታያለች? ያን ቀን ራጁን እንኳ እንዲህ አላየችውም... እንደ አክስትነቴ ልመርቃት እንጂ፣ ዝም ብዬ በልቼ ልሂድ? ያውም ሳልበላ!

እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጣት። ስሟን ከፍ ያድርግላት፣ ደጃፏን በሰው ይሙላላት። አይበለውና እናቷን አንድ ቀን ቢያማት፣ ልክ እንደሷ ያለ አዛኝ፣ ልክ እንደሷ ያለ አስተዋይ ሐኪም እጅ ላይ ይጣልላት።

አሜን በይ እንጂ ሠርክዬ! ምርቃት እኮ ነው።