ጠፍጣፋው ድንጋይ

(ሰኔ መግቢያ፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ሥር፣ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህሩ ፍሬሰንበትና ገበሬው አያ ቢሻው፣ የአያ ቢሻውን ማሳ እየቆረሰ በሚሄደው ቦረቦር አፍ ላይ። አያ ቢሻው ድንጋይ ይደረድራል።)

አያ ቢሻው፦ እጅህን ከድንጋዩ ላይ አንሳልኝ! አግዘኝ ብዬ አልጠራሁህም።

ፍሬሰንበት፦ እሺ፣ አነሳሁ። ግን አያ ቢሻው፣ እባክዎ፣ በእኔ ጥፋት ልጅዎን ትርንጎን ከትምህርት አያስቀሯት።

አያ ቢሻው፦ ማን አስቀራት? ጓዟን የቋጠረችው ራሷ ናት።

ፍሬሰንበት፦ እርስዎ እሺ ባይሏት ትሄዳለች?

አያ ቢሻው፦ አንተስ ያን ሁሉ ልጅ እየነዳህ ማሳዬ ላይ ስትመጣ እኔን እሺ አስብለኸኝ ነበር?

ፍሬሰንበት፦ ትምህርቱ የአፈር መሸርሸር ነው። ክፍል ውስጥ በሁለት ትሪ አሳየኋቸው፤ አንዱ ሣር ያለበት፣ አንዱ ራቁቱን። በተበሳ ጣሳ ውሃ ስናፈስ ራቁቱ ጭቃ ሆኖ ወረደ። የነፋሱንም ደረቅ አፈር ላይ እፍ ብለን አየን። ከዚያ በዓይናቸው ይዩት ብዬ…

አያ ቢሻው፦ እፍ አላችሁ! በጋውን ሙሉ ዓይናችንን የሚሞላውን አቧራ እናንተ እፍ ብላችሁ ጨረሳችሁት።

ፍሬሰንበት፦ ይሳለቁብኝ፣ ግድ የለም።

አያ ቢሻው፦ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ይቺ ጉድ መጀመሪያ የዶሮ መሄጃ ታህል ነበር፤ አሁን በሬ ቢገባባት አይወጣም። እሺ፣ እዚህ አቁመህ ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?

ፍሬሰንበት፦ «ይህ መሬት ለምን እንዲህ ሆነ?» ብዬ።

አያ ቢሻው፦ የቄሱ ልጅስ ምን ብሎ መለሰ?

ፍሬሰንበት፦ «ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ፤ እርከን ስላልሠራ።»

አያ ቢሻው፦ አንተስ?

ፍሬሰንበት፦ «ጎበዝ» አልኩት።

አያ ቢሻው፦ ሌላስ?

ፍሬሰንበት፦ … «አጨብጭቡለት» አልኩ። ልማድ ነው አያ ቢሻው፤ ለመለሰ ልጅ ይጨበጨባል።

አያ ቢሻው፦ ትርንጎም አጨበጨበች።

ፍሬሰንበት፦ የማን ማሳ እንደሆነ አላወቅሁም! ለአገሩ እንግዳ ነኝ።

አያ ቢሻው፦ እራቷን ሳትቀምስ አደረች። «አባዬ፣ በእጄ አጨበጨብኩብህ» አለችኝ።

ፍሬሰንበት፦ ነገ ይዣት ልግባ። በሁሉም ፊት «ተሳስቻለሁ» እላለሁ።

አያ ቢሻው፦ «ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?» ቢሉህስ?

ፍሬሰንበት፦ እውነቱን እነግራቸዋለኋ! ቆሜ ሳየው ነው የገባኝ፤ ውሃው ከእርስዎ ማሳ አይደለም የሚነሳው። እዚያ ላይ፣ ከእርስዎ በላይ የሚያርሰው ሰውዬ የማሳውን ፈሰስ ሁሉ ወደ እርስዎ ቀዶታል። ማን ነው እሱ?

አያ ቢሻው፦ ዳምጤ።

ፍሬሰንበት፦ ታዲያ ሽማግሌ አይሰበስቡበትም?

አያ ቢሻው፦ አበልጄ ነው። ሚስቱ የትርንጎ ክርስትና እናት ናት። አበልጅ ሽማግሌ ፊት ይቆማል እንዴ?

ፍሬሰንበት፦ በወዳጅ ወግስ ቢነግሩት?

አያ ቢሻው፦ ነገርኩት። «ወዴት ልስደደው፣ ወደ ሰማይ?» አለኝ። ምን ያድርግ፤ ካልቀደደለት ስንዴው ውሃ ይተኛበታል።

ፍሬሰንበት፦ ትርንጎ ይህን ታውቃለች?

አያ ቢሻው፦ ካንተ በቀር የማያውቅ የለም። «ወይ መምህሩ እውነቱን ይናገር፣ ወይ እኔ ልሂድ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ተናገር ልልህ አልችልም።

ፍሬሰንበት፦ ስም ሳልጠራ ብናገርስ? «ከላይ ያለው መሬት» ብል?

አያ ቢሻው፦ ከላይ ስትላቸው ልጆቹ ደመና የሚያዩ መሰለህ?

ፍሬሰንበት፦ የምትሄድበት ደብረ ታቦር ግን ትማራለች?

አያ ቢሻው፦ እዚያ ያለችው እህቴ መንታ ወልዳለች። እነሱን ትይዛለች።

ፍሬሰንበት፦ ትምህርቱስ?

አያ ቢሻው፦ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነሳል፤ በየት በኩል ትማራለች?

ፍሬሰንበት፦ ከክፍሏ አንደኛ ናት እኮ! ልሂድና ላናግራት።

አያ ቢሻው፦ ምን ልትላት? ተዋት። ዝናቡ ደረሰ፤ ከቆምክ አይቀር ይህን ያዝልኝ።

ፍሬሰንበት፦ ይሄማ ትንሽ ነው፣ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። ያ ጠፍጣፋው አይሻልም? መንገዱ ዳር ያለው?

አያ ቢሻው፦ እሱ ነበር የሚሆነው። ትርንጎ ተቀምጣበት መኪና ትጠብቃለች፤ ተነሺ ማለት ከበደኝ።

ፍሬሰንበት፦ ነገ ልጆቹን ምን ልበላቸው?

አያ ቢሻው፦ ጎርፍ ነው በላቸው። ጎርፍ አበልጅ የለውም።

ፍሬሰንበት፦ እሱንማ መጽሐፉም ይለዋል።

አያ ቢሻው፦ እንግዲያው መጽሐፉም አበልጅ አለው ማለት ነው።

ፍሬሰንበት፦ አያ ቢሻው፣ የመኪና ድምፅ…

አያ ቢሻው፦ ነጎድጓድ ነው። አትልቀቀው፣ አጥብቀህ ያዝ!

ፍሬሰንበት፦ ይዣለሁ።

አያ ቢሻው፦ ጎንበስ በል፣ ከሥሩ ጠጠር ልሙላበት። እንዲያ… እንዲያ ነው።

ፍሬሰንበት፦ በዚህ በኩል ያሾልካል። አልበቃውም።

አያ ቢሻው፦ አዎ፣ አልበቃውም። በል ሂድ፣ «ተነሺ» በላትና ያንን ጠፍጣፋውን አምጣው።