የእማማ ዘሃራ ሰሊጥ

ጎንደር ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። አንድ ጠዋት ከመተማ የመጡት ባለሱቋ እማማ ዘሃራ ለሕክምናው ልብሳቸውን ሲያወልቁ የሰሊጥ ዘይት ሽታ ክፍሉን አወደው። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና በተነሳበት በኩል ጨረሩ ያጠቆረው ቆዳ በዘይት ያብረቀርቃል።

«እማማ፣ ከጨረሩ በፊት ምንም አይቀቡ አላልኩም?» ብዬ ተቆጣሁ።

«እኛ አገር እሳት የነካው ገላ በምን ይታከማል? በሰሊጥ አይደል?» አሉ፤ እሳቸውም ቱግ ብለው።

ለብ ባለ ውሃ ቀስ እያልኩ ሳጥብላቸው ግን ሽታው ይዞኝ ከመተማ ብዙ የማትርቀው የትውልድ ከተማዬ ገንዳ ውሃ ገባ። አጨዳው ሲያልቅ እናቴ ደጃፉ ላይ ደርድራን፣ ከአዲሱ ሰሊጥ የተጨመቀውን ዘይት አናታችን ላይ ታፈስልን ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ራሴን የቀባኝ ሰው የለም። እንባዬ ሲመጣ ፊቴን አዞርኩ።

«አገርሽ የት ነው ልጄ?»

«ገንዳ ውሃ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ትይኛለሽ?»

ከቦርሳቸው የዘይት ብልቃጧን አወጡና ሻሼን ገፋ አድርገው አናቴን ያሹልኝ ጀመር። ያ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ አልነሳ ብሎ፣ ማሽኑ ላይ በተኙ ቁጥር በስንት ልመና የምናነሳው ክንዳቸው፣ ማንም ሳይለምነው ራሴ ላይ ደርሷል።